ሁለት ባቡር፣ አንድ አውቶቡስ

ባለቤቴ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ታክሲ ነድቷል። ሌላው ሰው ለዕረፍት መኪናውን አስነሥቶ ወደ ባሕር ሲሄድ፣ ለእሱ ዕረፍት ማለት መሪ አለመያዝ ነበር። ልጃችን ትንሽ ሳለች ቅዳሜ ጠዋት «የት እንሂድ?» ስትለው፣ «ሌላ ሰው ወደሚነዳበት» ይላታል። ቤታችን ውስጥ ግን ሌላ ነጂ አልነበረም። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ በሁለተኛው የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን ገጭቼ ተውኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን ወደ ሥራም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም፣ ወደ ለቅሶም፣ ወደ ሰርግም የሚያደርሰኝ እሱ ነው። የሜትሮው ባቡር ጣቢያ ከደጃችን አሥር ደቂቃ በእግር ቢያስኬድ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተሳፈርኩበትን ጊዜ ግን በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ከሆቴል አንሥቶ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲወስድ መንገዱ ተዘጋጋና ረጅም ሰዓት አወሩ። ሴትዮዋ ስለ ትውልድ ከተማዋ አጫወተችው። ራይ ትባላለች፤ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ መንገዷ በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከእሷ ትንሽ አለፍ ብሎ ማለቂያ የሌለው የሚመስል የአሸዋ ዳርቻ አለ። እሱን የገረመው ግን ኮረብታውም አሸዋውም አይደለም። ሴትዮዋ ወደ ሰማንያ ዓመት ትጠጋለች፣ መንጃ ፈቃድ ኖሯት አያውቅም። ታዲያ ከለንደን እንዴት ትሄጃለሽ ቢላት፣ «ሁለት ባቡር፣ አንድ አውቶቡስ» አለችው። ቤት እንደገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይህንኑ ነገረኝ።

ከዚያም የመብራት ሂሳብ በመጣበት ፖስታ ጀርባ ላይ ዕቅድ አወጣ። ለንደን የሚኖሩት ታላቅ እህቱ ዘንድ እንርፍና፣ ቅዳሜ ጠዋት ከለንደን በባቡር አሽፎርድ፤ አሽፎርድ ወርዶ በሌላ ባቡር ራይ፤ ራይ አንድ ሌሊት ማደር፤ እሑድ በአውቶቡስ ወደ አሸዋው፤ ማታ በመጣንበት መመለስ። እያንዳንዱን መስመር በቁጥር ጽፎ፣ የመጨረሻው ላይ «ከአውቶቡስ ከወረድን በኋላ፦ እንጠይቃለን» ይላል። ይህን ሳነብ ሳቅኩበት። ባለቤቴ ቢጠፋው እንኳ መንገድ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ታክሲ ነጂ መንገድ ከጠየቀ፣ ሐኪም በሽተኛውን «ምን መድኃኒት ልዘዝልህ?» እንዳለው ነው ይል ነበር።

አንድ ዓመት የልጃችን ምረቃ ሆነ፣ አንድ ዓመት ጣሪያው አፈሰሰ፣ ከዚያ እሱ ታመመ። ስለ ሕመሙ እዚህ አልጽፍም፤ ይህ ስለ ጉዞ ነው።

ሙት ዓመቱ ካለፈና ጥቁሩን ካወለቅኩ በኋላ መኪናውን ለመሸጥ ወሰንን። ልጄ ውስጡን ስታጸዳ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ ፊት ካለው መሳቢያ ውስጥ የቆዩ ደረሰኞችና አንድ የተጣጠፈ ፖስታ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። ገና ጀርባውን ሳልገልጠው ምን እንደሆነ አወቅኩት። ያን ቀን ብዙ አለቀስኩ፤ በማግሥቱ ግን ስነሣ አንድ ሐሳብ ይዤ ነበር። ይህን ጉዞ እሱ እንዳቀደው እሄዳለሁ፤ ሁለት ባቡር፣ አንድ አውቶቡስ፣ ሌላ ሰው እየነዳ።

ችግሩ የመጣው ወዲያው ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ለንደን ከገቡ ዘመን ቆጥረዋል። ለስምንት ቀን እርስዎ ዘንድ ልመጣ ነው ብዬ ስደውል እልልታውን አቀለጡት። ቅዳሜና እሑድን ግን ብቻዬን በባቡር ራይ ልሄድ ነው ስላቸው እልልታው ተቋረጠ።

«ምን አልሽ? እኔ መኪና አቁሜ፣ የወንድሜ ሚስት በባቡር ትንከራተት?» አሉኝ። «ዘመድ እያለሽ ደግሞ ሆቴል ልታድሪ? ሰው ምን ይለኛል?»

ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ሊነዱኝ፣ ባሕሩን አይቼ ለእራት ቤት ልንመለስ፣ በዚያው በስልክ ወሰኑ። እኔም «እሺ እትዬ» አልኩ። ባለቤቴ ቢሰማኝ ይስቅብኝ ነበር። ለእሳቸው እንቢ ያለ ሰው በዘራቸው የለም።

ልጄ ደግሞ በሌላ በኩል መጣች። የምትኖረው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ በየቅዳሜው ያንን የሚጨናነቅ ቀለበት መንገድ ዞራ ሲልቨር ስፕሪንግ ትመጣና ወደ ገበያ ትወስደኛለች። ከአባቷ የወረሰችው እኔን መንዳት ነው ማለት ይቻላል። የባቡሩን ነገር ስነግራት ሳትስቅ «ማሚ፣ ዩ ጌት ሎስት ኢን ዘ ፓርኪንግ ሎት» አለችኝ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንኳ ትጠፊያለሽ ማለቷ ነው፤ ሮክቪል ገበያ መሃል መኪናችንን አጥቼ አንድ ሰዓት መዞሬ እውነት ነው። ቢሆንም፣ እኔ የምፈልገው ባሕሩን ማየት ብቻ ቢሆን እዚሁ አገርም ባሕር አለ፤ የምፈልገው አባትሽ እንደተመኘው ተሳፍሬ መሄድ ነው፤ ተነድቼ ከሄድኩማ የእሱ ጉዞ መሆኑ ይቀራል አልኳት። ፖስታውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሥራዋ ላይ ከሰው ጋር እንደምትዋዋለው ተዋዋለችኝ።

«ከቤትሽ እኔ ቤት በሜትሮና በባስ ነይ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ» አለችኝ። «መጥተሽ ውሰጂኝ ብለሽ ካልደወልሽልኝ ትኬቱን እኔ ቡክ አደርግልሻለሁ፣ አክስቴንም እኔ አናግራታለሁ። ከደወልሽልኝ ግን አክስቴ ትነዳሻለች፣ ኦኬ?»

ቆጠርኩት። በቀዩ መስመር እስከ መሃል ከተማ፣ እዚያ ወርዶ በቢጫው እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ እሷ ሰፈር። ሁለት ባቡር፣ አንድ አውቶቡስ። እሷ ይህን አስባበት ይሁን ሳታስብበት አልጠየቅኳትም።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በመሃሉ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከታች ባለው አዳራሽ አጠገቤ ለተቀመጠች አንዲት ሴት ለንደን ልሄድ ነው አልኳት። የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ መንገር የሚባል ነገር እንደሌለ ረስቼው ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ደጄ በመልእክት ተጨናነቀ። አንዷ ለእህቷ ቫይታሚን፣ አንዷ አራስ ለሆነች የአጎቷ ልጅ የሕፃን ልብስ፣ አንዱ ለወንድሙ የስፖርት ጫማ ከነሳጥኑ። ሳጥኑ ቦታ ይይዛል ብለው፣ ያለ ሳጥኑ ስጦታ አይመስልም አለኝ። አንዲት ደግሞ ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጣላትን በርበሬ ግማሹን ለለንደን እህቷ አካፍላ አመጣች፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ አገር ያየ በርበሬ ነው። ሁሉም ሲሰጡኝ «ትንሽ ናት፣ አትከብድም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እያንዳንዷ አትከብድም። የሰው መልእክት አልይዝም ማለት ደግሞ ከሞት አይተናነስም። የእኔን ለቅሶ ወራት ሙሉ የደረሱ፣ ድስት እየያዙ የተመላለሱ ሰዎች ናቸው። ዘጠኝ ሰው ነበር፤ የሁሉንም ተቀበልኩ።

የልምምዱ ቅዳሜ ደረሰ። ልጄ ሻንጣሽን ይዘሽ ብላለችና፣ አለማጭበርበሬ እንዲታወቅ መልእክቱን በሙሉ ጠቅጥቄበት ወጣሁ። ሁለት ቅያሪ ልብስ የታሰበለት ሻንጣ ድንጋይ የተሸከመ ያህል ሆኖ ይጎተታል። ቀዩ መስመር ላይ ቀላል ነበር። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የማውቃቸውን መንገዶች ከላይ አየኋቸው፤ ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚያማርረውን መብራት ሳይቀር አየሁት፤ መኪኖቹ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል፣ እኛ አልፈናቸው ሄድን።

መሃል ከተማ ወረድኩ፣ በአሳንሰር ወደ ታችኛው መድረክ ወረድኩ፣ ቢጫውን መጠበቅ ጀመርኩ። እዚያ ነጠላ የለበሱ፣ በዕድሜ እኔን የሚያህሉ ሴት ቆመዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ነጠላ ያየ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም። «እንደምን አሉ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን ነዎት? ልጆች እንዴት ናቸው?» አሉኝ። የየትኛው ደብር እንደሆንኩ ጠየቁ፣ ነገርኳቸው፤ የእሳቸውን ነገሩኝ፤ በደብሬ የሚያውቁት ሰው ነበራቸው፣ ስለ እሱ ጤና ጠየቁ። በዚህ መሃል ባቡሩ መጣ። እሳቸው እያወሩኝ ገቡ፤ ሰላምታውን ከመሃሉ ቆርጦ መለየት ነውር መሰለኝና፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ እየመለስኩላቸው ተከትያቸው ገባሁ።

ሰላምታው ሲያልቅ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። አሌክሳንድሪያ ስላቸው ሻንጣዬን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ውይ እመቤቴ» አሉ። «እኔ እኮ ሀያትስቪል ነው የምገባው።»

ሀያትስቪል ከአሌክሳንድሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ይህ የኔ ጥፋት እንጂ የማንም አይደለም። ምልክቱ ከራሴ በላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ቀና ብዬ አላየሁትም፣ ሰው ሰላም እያልኩ ነበር። በየጣቢያው እወርዳለሁ ስል በሩ ሻንጣውን ሳላስነሣው እየተዘጋ፣ ሴትዮዋም «ግድ የለም፣ እኔ ጋ ይውረዱ» እያሉኝ፣ ሀያትስቪል ደረስን። ከወረድን በኋላ ክንዴን ያዙኝ። ልጃቸው መኪና ይዞ ውጭ እየጠበቃቸው ነበር፤ አሌክሳንድሪያ ድረስ አድርሶኝ ይመለሳል፣ ምንም አይደለም፣ እሱ ሰው ማድረስ ይወዳል አሉኝ። እግሬ ደክሞታል። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት አየሁ፤ ልጄ ከጠበቀችኝ ሰዓት አልፌያለሁ። የስሟን ቁልፍ ብነካ ወይም በሴትዮዋ መኪና ብገባ ሁሉም በደቂቃ ያልቅ ነበር። በመኪና መሄዴን ማንም አያውቅም።

ለሴትዮዋ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኳቸው፤ ታክሲውን፣ ፖስታውን፣ እትዬን፣ የልጄን ውል። ነጠላቸውን አጣፍተው በጽሞና ሰሙኝ።

«ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?» አሉኝ መጨረሻ ላይ።

«የሚመለሰውን ባቡር ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መድረኩን ለውጠው ወዲያኛው በኩል አቆሙኝ። የልጃቸውን መጠበቅ ትተው ባቡሩ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ። ከመግባቴ በፊት «ቢጫ የተጻፈበትን ሲያገኙ ደግሞ ሰው ሰላም እንዳይሉ» ብለው አስጠነቀቁኝ። መሃል ከተማ ስደርስ ምልክቱን አነበብኩ፤ ማንበቤ አልበቃኝ ብሎ አንዲት ልጃገረድ ጠየቅኩ፣ የእሷ አልበቃኝ ብሎ አንድ ሽማግሌ ጠየቅኩ። ሦስታችንም ስንስማማ ተሳፈርኩ።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጣና በአንድ ጊዜ ወንዙ ላይ ሆንን። ፖቶማክን በመኪና ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩት አላውቅም፤ ድልድዩ ከባቡሩ ድልድይ ጎን ለጎን ነው፤ ግን ባለቤቴ እየነዳ እኔም ከእሱ ጋር ፊት ፊቱን እያየሁ፣ «ግራህን ተጠንቀቅ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ውሃው ብርሃን ለብሶ ሰፊ ሆኖ ተኝቷል። አንዲት ነጭ ጀልባ ነበረች። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣ ማንንም ተጠንቀቅ ሳልል፣ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። በየቀኑ ከአንዴም ሁለቴ ይህን ወንዝ ይሻገር የነበረው ሰው ውሃውን አይቶት አያውቅም። ሾፌር ውሃ አያይም። እንባዬ መጣ፤ ግን የመጣው ደስ ብሎኝ ነው፤ አሁን ምን ይመኝ እንደነበር ገብቶኛል።

አሌክሳንድሪያ ስወርድ አውቶቡሱ ቆሞ አገኘሁት። ካርዴን ላስነካ ስዘረጋ ነጂዋ ነጻ ነው ብላ እጇን አወዛወዘች። የምወርድበትን ፌርማታ ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ ነገርኳት፤ በሦስተኛው ሳልነግራት «አልረሳሁሽም» አለችኝ። ስንደርስ ልጄ ፌርማታው ላይ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ቆማለች።

«ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ነው» አለችኝ።

የእሷ ቆሻሻ መጣያ ከቤቱ ጀርባ ነው። በሌላው እጇ የጨበጠችው ስልክ በላብ ርሷል። አልደወልኩላትም፣ እሷም አልደወለችልኝም፤ ማን እንደባሰበት እግዜር ይወቀው። አቀፈችኝና ለቀቅ ሳታደርገኝ ለምን እንደዘገየሁ ጠየቀችኝ። ሀያትስቪል ዘመድ ጠይቄ መጣሁ አልኳት።

ከረጢቱን ለእኔ አስይዛ ሻንጣውን ልታነሣ ሞከረች፤ አልነሣ አላት። ቤት ገብተን ስትከፍተው ሳሎኑ መሃል የሱቅ መደርደሪያ የተገለበጠ መሰለ። ቫይታሚኑ፣ የሕፃን ልብሱ፣ ጫማው ከነሳጥኑ፣ በሦስት ፌስታል የተጠቀለለው በርበሬ። የእኔ ልብስ ከሥር እንደ ወረቀት ተጨፍልቋል። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ይህን ይዤ የእንግሊዝ ባቡር ላይ እንደማልወጣ ቁርጡን ነገረችኝ። ትክክል ነበረች፤ ክንዴም መስክሮላታል። ለሰዎቹ ልመልስላቸው ማለት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ውሏን ግን አላፈረሰችም። አክስቷ ዘንድ ደወለች፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። እናቴ ፈተናዋን አልፋለች ብላ በግማሽ አማርኛ በግማሽ እንግሊዝኛ ተከራከረችልኝ። እትዬ ሰምተው ሰምተው፣ አሁንም እኔ እነዳታለሁ አሉ። ያኔ ልጄ መሬት ላይ የተበተነውን አይታ፣ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ ይህን ሁሉ ዕቃ ማን መጥቶ ይወስደዋል አለቻቸው። የምን ዕቃ አሉ። አንድ በአንድ፣ የየትኛው ሰው ለየትኛው ሰው እንደሆነ እየነገርኩ ዘረዘርኩላቸው። ከዘጠኙ ተቀባዮች ሰባቱን ያውቋቸዋል። የሁለቱን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው።

በስልኩ ውስጥ ሲያሰሉ ይሰማኛል። ሁሉም ሠራተኛ ነው፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር አይመቸውም። መልእክት ሊቀበል የመጣ ሰው ደግሞ ደጅ ላይ ተቀብሎ አይመለስም፤ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ቤታቸው ሲሞላ እንደ እትዬ ደስ የሚለው ሰው የለም።

«እንግዲያውስ ዶሮ መሠራት አለበት» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ለእኔ፣ «አንቺን ታዲያ ማን ይነዳሻል?»

ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። ሻንጣው ከአውሮፕላን ማረፊያ በእሳቸው መኪና ወደ እሳቸው ቤት፣ እኔ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ወደ ባቡሩ፤ ነገሩ ሁሉ ራሱን አስተካክሎ ተቀመጠ። የኔ ትልቅ ስሕተት እትዬን ሁለት ቀን ሙሉ ቤት አስቀመጠልኝ።

ከዚያ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «ይህን የባቡር ነገር ያመጣው እሱ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ እሱ ነው።»

«ልጅ ሆኖ ለገሃር ባቡር ሲያይ ነበር የሚውለው። ፈልጊው ተብዬ አለንጋ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ አልሄድም ይለኛል፤ ቆሜ አብሬው እጠብቅለታለሁ» አሉ። «በይ ሂጂ። መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። ስትደርሺ ደውዪልኝ።»

ይህን ታሪክ በትዳር ዘመናችን ሁሉ አልነገረኝም ነበር።

ልጄ እዚያው ትኬቱን ቡክ ስታደርግልኝ፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ የፖስታውን ዕቅድ በንጹሕ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ገለበጥኩ። የባቡሮቹን ሰዓት እሷ እያነበበችልኝ አስተካከልኩ፤ የመጨረሻውን መስመር ግን እንዳለ ጻፍኩት። በትከሻዬ በኩል አንብባ «ዳዲ? መንገድ ሊጠይቅ?» ብላ ከልቧ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ስትስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሊመሽ ሲል ልታደርሰኝ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። ተቀመጪ አልኳት። ሻንጣውን እሷው ቤት ትቼ፣ ቦርሳዬን ብቻ አንጠልጥዬ ወደ ፌርማታው ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ አንድ ነጠላ የለበሱ ሰው ቢኖሩም አንገቴን ብቻ ዝቅ አድርጌ እጅ ነሥቼ አለፍኩ። ጠዋት ያየሁት በአንድ በኩል ያለውን ውሃ ነበርና፣ ድልድዩ ላይ ከመድረሳችን በፊት ተነሥቼ በወዲያኛው መስኮት ተቀመጥኩ።